ሳይት 12 የት ገባ?

ስሌት (በስስ በስሱ የሚሰነጠቀው ድንጋይ) ላይ በድሪል ኮር፣ ማለትም ክብ ናሙና፣ ለማውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፣ ድሪሉ ክሊቬጁን (ግፊት የፈጠረውን የመሰንጠቂያ ገጽ) ሲያገኘው ድንጋዩ እንደ ብስኩት እየተፈረካከሰ ባሬሉ ውስጥ ይቀራል፣ በጀሪካን ተሸክመህ ያመጣኸው ውሃም መሬት ላይ ፈሶ ይቀራል። ስለዚህ ትግራይ ያለው ነጋሽ ላይ በብዛት ብሎክ ነበር የምንወስደው፣ ስትራይክና ዲፑን (አቅጣጫውንና ዘመም ማለቱን) ላዩ ላይ በማርከር ጽፈን፣ ሲሊንደሯ (25 በ22 ሚሊሜትር) ላብራቶሪ ከገባን በኋላ ነው የምትቆረጠው። ይሄን የምለው በኋላ ስለሚመጣ ነው፣ ድንጋይ ተሰበረ ስትል የማያምንህ ጂኦሎጂስት የለም።

ፕሮፍ (ስማቸው ይቅር) የነጋሽን ሲንክላይን (ወደ ታች የታጠፈውን የድንጋይ ንብርብር) በእግራቸው የጨረሱ ሰው ናቸው። ካርታቸውን እስከዛሬ እንጠቀምበታለን፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ምስራቅና ምዕራብ ጎንድዋና ሲጋጩ የቆመው ተራራ ተሸርሽሮ አልቆ ዛሬ ሥሩ ብቻ ነው የቀረን፣ ያንን ሥር እንደሳቸው የሚያነብ ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም። ማሽን ላይ ግን እምነት የላቸውም። ካፓብሪጁን (ድንጋይ በየአቅጣጫው ምን ያህል ማግኔታይዝ እንደሚሆን የሚለካውን ማሽን) ሲያዩት "ይሄ ነገር ስንት ብር ነው?" ነው የሚሉት፣ ምን ይለካል ብለው አይጠይቁም።

የመጀመሪያዎቹን ስቴሪዮኔቶች (አቅጣጫ የሚነበብባቸውን ክብ ግራፎች) ሳሳያቸው ኬ3 (ድንጋዩ በትንሹ ማግኔታይዝ የሚሆንበት አቅጣጫ) በምስራቅ ምዕራብ ተጋድሞ ክሊቬጁን ቀጥ ብሎ ይወጋዋል፣ ኬ1 (በብዛት የሚሆንበት) ደግሞ አግድም ሆኖ ፎልድ አክሲሱን (የእጥፋቱን መስመር) ተከትሎ ይሄዳል። ቆንጆ ዳታ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኬ1 ስትሬቺንጉን፣ ድንጋዩ የተለጠጠበትን አቅጣጫ፣ ያሳያል አላልክም?"

"ሁልጊዜ አይደለም ፕሮፍ፣ እዚህ ቤዲንጉ (የደለሉ ንብርብር) እና ክሊቬጁ የሚቆራረጡበትን መስመር ነው የያዘው።"

"እሱንማ ፔንስል ስትራክቸሩን፣ ድንጋዩ እንደ እርሳስ እየሆነ የሚሰነጠቀውን፣ አይቼ እዛው መስክ ላይ ነገርኩህ እኮ። ታዲያ ማሽኑ ምን ጨመረ?"

ጥያቄው እውነት አለው፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ክሊቬጁ በዓይን በሚታይበት ቦታ ኤኤምኤስ (ካፓብሪጁ የሚሠራው ልኬት) ያየኸውን ነው መልሶ የሚነግርህ። ጥቅሙ የማይታይበት ቦታ ላይ ነው፣ ዓይን ምንም መስመር የማያገኝበት ድፍን ያለ ጭቃ ድንጋይ ላይ፣ ማሽኑ ድንጋዩ በየትኛው አቅጣጫ ይበልጥ ማግኔታይዝ እንደሚሆን ለክቶ፣ ልዩነቱ ጥቂት ፐርሰንት እንኳ ብትሆን፣ በየት በኩል እንደተጨመቀ ይነግርሃል። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ግራሃም ሀሳቡን ካቀረበው ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ ያለ ነው።

እሺ አልኩና ምንም ፎሊየሽን (ቅጠል የመሰለ ንብርብር) የማይታይበት አንድ ብሎክ አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ እስቲ ፎሊየሽኑ በየት በኩል ነው ይበሉኝ አልኳቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት፣ በምራቃቸው አራሱት፣ ትንሽ ዝም አሉና በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩ። ለካሁት። ልክ ናቸው በቃ፣ ኬ3 መስመራቸውን ቀጥ አድርጎ ነው የቆረጠው። እኔ ላሳፍራቸው ነበር ያመጣሁት።

"አየህ፣ ማሽኑ ገባው" አሉኝ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ጥሩ ማሽን ሆነ። ሳይት 12 እስኪመጣ ድረስ።

ሳይት 12 ጥቁሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ኬ1 እና ኬ3 ቦታ ተለዋውጠው ቁጭ አሉ፣ ኬ1 ክሊቬጁ ላይ መተኛት ሲገባው ክሊቬጁን ቀጥ ብሎ ወግቶታል፣ ሁሉም ሳምፕል ላይ፣ አንድም ሳይበተን።

"ይቺን አውጣት።"

"ለምን?"

"ማሽኑ ተሳስቷል።"

"ካሊብሬት ተደርጓል ፕሮፍ፣ ከሷ በፊትም ከሷ በኋላም የለካናቸው ልክ ናቸው።"

"ታዲያ ድንጋዩ ነው የተሳሳተው?"

ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ልጆች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምክንያቱም አባባሏ ታስቃለች። ግን መልስ ነበረኝ፣ ሰጠኋቸውም። ድንጋዩ ውስጥ ያለችው ማግኔታይት (ማግኔት የምትሆነው የብረት ማዕድን) በጣም ደቃቅ ከሆነች፣ ሲንግል ዶሜን ከሆነች ማለት ነው፣ ቅንጣቷ በሙሉ አንድ ማግኔት ብቻ፣ በርዝመቷ በኩል አስቀድማ ጠግባለች፣ ማግኔቲክ ፊልድ ብትጨምርባት ምላሽ የምትሰጠው በጎኗ በኩል ነው፣ ስለዚህ ፋብሪኩ (የአክሲሶቹ አቀማመጥ) ተገልብጦ ይወጣል። የተሳሳተ የለም። ይሄን በወሬ ብቻ አልተውኩትም፣ ሪማነንስ አኒሶትሮፒውን (ፊልዱ ሲነሳ የሚቀረው ማግኔትነት በየአቅጣጫው የሚለያየውን) ለካሁት፣ እሱ ደግሞ የለካ ያውቀዋል፣ ማግኔታይዝ አድርግ፣ ለካ፣ ዲማግኔታይዝ አድርግ፣ አዙር፣ እንደገና፣ ቀንህን ይበላዋል። አክሲሶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ደቃቋ ማግኔታይት ደግሞ ምናልባት ተራራው ሲገፋ ፈሳሽ አልፎ ያበቀላት ልትሆን ትችላለች፣ አፓላቺያን የኖራ ድንጋዮች ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ታይቷል፣ ያ ከሆነ ከፎልዱ የበለጠ ወሬ ያለው እዚችው ሳይት ላይ ነው።

በጨዋ ደንብ ሰሙኝ። "ጥሩ ነው፣ ለሌላ ፔፐር ይሁንልህ" አሉ። ሌላ ፔፐር የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ።

ፔፐሩ ወጣ። "የኤኤምኤስ ውጤቱ ከመስክ ምልከታው ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል" ይላል። ያልተስማማው ተባሮ ማን ሊቃወም ነው? አሁን እኔም የማማክራቸው ልጆች አሉ፣ ዳታ አይጣልም እላቸዋለሁ፣ ቀጥዬ ደግሞ ከአድቫይዘር ጋር አትጣሉ እላቸዋለሁ፣ ሁለቱን የሚያስታርቁበት መንገድ የነሱ ጉዳይ ነው።

ግን ቴብሉን እንደገና ቁጥር የሰጠው ሰው አልነበረም። (እኔ ነበርኩ መስጠት የነበረብኝ፣ ማንም አላዘዘኝም።) ስብሰባ ላይ ፕሮፍ አቅርበው ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፣ "ከሳይት 11 ቀጥሎ 13 ነው ያለው፣ 12 የት ገባ?"

ፕሮፍ ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። "ስሌት ታውቂያለሽ መቼም፣ ተሰበረ።"

አዳራሹ በሙሉ አንጀቱን በላው፣ ያልተሰበረበት ማን አለ። ቡና ላይ ልጅቷ ፈልጋ አገኘችኝ።

"እውነት ተሰብሮ ነው?"

"የኖራ ድንጋይ ነበር" አልኳት።

ትንሽ አሰበችና "ተገልብጦ፣ ኢንቨርስ ሆኖ ነው የወጣው አይደል?" አለች፣ ከዛ ስኳሯን እያማሰለች "የኔም አድቫይዘር ሁለት ሳይት ሰብረውብኛል።"