ዘይት ሲበዛም ሞተር ይጎዳል

ግራሶ ቤቶቻችን ውስጥ እንደ ሕግ የሚነገር ነገር አለ፦ «የሞተር ዘይት ይብዛ እንጂ አይነስ።» ሰው ሁሉ ተቀብሎታል። እኔ አልቀበለውም፤ ለምን እንደማልቀበለውም ልንገራችሁ።

ነርስ ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መኪናዬ ቶዮታ ያሪስ በየሥራ ቀኑ የሐረጎን ዳገት ትወርዳለች፣ ማታ ትወጣለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን 600 ሜትር ገደማ ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። እዚያ መሃል ሞተር ቢያስቸግር ዳር መያዣ እንኳ እንደልብ አይገኝም።

በቀደም ዘይት ላስቀይር አንድ ግራሶ ቤት ገባሁ። ልጁ ትሁት ነው፣ እጁም ፈጣን። አሮጌውን አፈሰሰ፣ ቡሎኑን አጠበቀ፣ ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን ከፍቶ እስከ ጠብታው ገለበጠው። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስቤ ሳየው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል።

«ወንድሜ፣ በዝቷል እኮ።»

«አብሽሪ እህቴ፣ ዘይት ቢበዛ ምን ያደርጋል? ራሷ ትጨርሰዋለች።»

የሚያደርገውማ ብዙ ነው። ዘይቱ የሚቀመጠው ከሞተሩ ሥር ኮፓው ውስጥ ነው። ከሱ በላይ ክራንክ ሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ይሽከረከራል፤ ስንነዳ በደቂቃ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ። ዘይቱ በልኩ ከሆነ አይነካካም። ከልክ ካለፈ ግን ክራንክ ሻፍቱ እየመታ፣ መናጫ ውስጥ እንደገባ ወተት ይንጠዋል። የተናጠ ዘይት አየር ይይዝና አረፋ ይሆናል። የዘይት ፖምፓው አረፋ ሲስብ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት ፍትጊያ አያድንም። እንግዲህ ዘይት ሞልቶ ተርፎ ሳለ ኩሽኔታዎቹ ዘይት እንዳጣ ሞተር ኩሽኔታ ተበልተው ሊያልቁ ይችላሉ ማለት ነው። ለብዙ ሰው የማይዋጥለት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ትርፉ ዘይት ሞተሩ በሚተነፍስበት ቱቦ አድርጎ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል፣ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ሰማያዊ ጭስ ያያችሁ እንደሆነ እሱ ነው። ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ እያደር ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ይደፍነዋል። ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምርም ያረጀ ጎሚኒ ባለበት በኩል ዘይት ያንጠባጥባል። «ራሷ ትጨርሰዋለች» ማለት ይሄ ከሆነ እኔ እንዲህ እንድትጨርሰው አልፈልግም።

ልጁ ቡሎኑን ላላ አድርጎ ትንሽ እንዲያፈስልኝ ጠየቅሁት። ይፈስና አልቆጣጠረውም አለ። እውነቱን ነው፤ ትኩስ ዘይት እጅ ላይ እየፈሰሰ ቡሎን መልሶ ማሰር ከባድ ነው። አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ በአሰብ መስመር በከባድ መኪና ብዙ ዘመን የነዳ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ሐረጎን እንዳትሞክሪው የኔ ዓለም» አለኝ። «ቀስ ብለሽ አጠገብሽ ያለው ማደያ አድርሻትና አጥፊያት። መጣሁ።»

ማደያ ያለኝ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ነው። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ የተሠራች ናት። ደጃፋችን ዘቅዛቃ፣ ግራሶ ቤቱ ዘቅዛቃ፣ የምናቆምበት መንገድ ዘቅዛቃ። መኪና አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ከቆመች መለኪያው አንድ ነገር ይላል፣ ወደ ላይ ከቆመች ሌላ። ይባስ ብሎ አሮጌው ዘይትም ዘቅዛቃ ላይ ተጠንፍፎ አይወጣም፤ ኮፓው ጥግ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ አዲሱ ሲጨመር ይበዛል። አጎቴ ሜዳ ላይ ያልተለካ ዘይት እንዳልተለካ ይቆጠራል ባይ ነው፤ እኔም እንደዚያ አምናለሁ።

ማደያው ጋ ሞተሩን አጥፍተን አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን፤ ላይ የቀረው ዘይት ወደ ኮፓው እስኪወርድ። መለኪያውን ስበን ጠረግነው፣ እስከ መጨረሻው ከተትነው፣ መልሰን ሳብነው። አሁንም በዝቷል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና «ፊልትሮው እኮ የድሮው ነው» አለ፤ የዘይት ማጣሪያውን ማለቱ ነው። አቧራው እንኳ አልተነካም።

ነገሩ ያኔ ግልጽ ሆነ። የኔ ያሪስ 1.5 ሊትር ሞተር ነው፤ ፊልትሮ አብሮ ሲቀየር 3.7 ሊትር፣ ፊልትሮው ሳይነካ ደግሞ 3.4 ሊትር ይይዛል። 4 ሊትር ሲገለበጥበት ትርፉ ከግማሽ ሊትር በላይ ነው። ዘቅዛቃው ያስቀረውን ሳንጨምር። ጀሪካን 4 ሊትር የሆነው ለገበያ እንዲመች እንጂ ለኔ ሞተር ተለክቶ አይደለም። ስንት እንደሚይዝ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

የአጎቴ መላ ሸጋ ነበር። አሮጌው ፊልትሮ ዘይት እንደጠገበ ይፈታል፣ አዲሱ ባዶውን ይታሰራል። በዚህ ብቻ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀነሰ። ፊልትሮ ሻጩ ከመንገዱ ማዶ ነበር።

የቀረው በእኔ ሙያ አለቀ። ከፋርማሲ አዲስ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና የጉሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። ቱቦውን ከመለኪያው ጎን አድርጌ ቁመቱን ለካሁና ከመለኪያው ትንሽ አስረዝሜ ቆረጥኩት፤ አጭር ከሆነ ዘይቱ ጋ አይደርስም። በመለኪያው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይገባል። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ከሆነ በቀጭን ቱቦ አልሳብ ይላል። አንዱ ሲሪንጅ ሙሉ 60 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ምን ያህል እንደወጣ ማወቅ ቀላል ነው። ሲሪንጁ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ነገር አይውልም፤ ይሄን እንደ ነርስ ነው የምለው። ከዚያ ሞተሩን ትንሽ አስነስተን አጠፋን፣ ፊልትሮው እንዲጠጣ። መልሰን ለካን። ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ።

ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢያልፍ እኔ አልነካካውም። አንድ ሊትር ያህል ካለፈ ግን ሞተሩ ጭራሽ አይነሳ፤ መጀመሪያ ይቀነስ።

ናፍጣ መኪና የምትነዱ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። ናፍጣ ሞተር በመተንፈሻው በኩል የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ ሊያቃጥለው ይችላል። ያኔ ቁልፉን ብታጠፉትም አይጠፋም፣ ድምፁ እየጨመረ ይሄዳል። ማንዋል ከሆነ ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ማነቅ ነው መፍትሔው። ካልሆነ አየር ማስገቢያውን መድፈን፤ በእጅ ግን አይሞከርም።

አሁን ዘይት ሳስቀይር ባለ መስመር የሊትር መለኪያ ይዤ ነው የምሄደው። መጀመሪያ 3 ሊትር ብቻ ይገባል። ከዚያ ሜዳ ላይ እየለካን ጥቂት ጥቂት እንጨምራለን። የተረፈው በጀሪካኑ ኋላ ኮፈን ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንድ ልጆች ይሰለቹብኛል፤ እኔ ግን መኪናዬን ይዤ ሐረጎን የምወጣው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማንም ሳይጨምርበት ዘይቱ ከፍ እያለ ከመጣ እሱ ሌላ ችግር ነው። መለኪያውን አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ነዳጅ እየገባበት ነው። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ደግሞ ውኃ ገብቶበታል፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን መበላሸት ነው። ይሄኔ ሲሪንጅ አይሠራም። ሞተሩን አጥፍታችሁ መካኒኩን ወዳለችበት ጥሩት።