የማውጫው ተራ፦ ሳምንታዊ ማንጋን ስከታተል የተማርኩት

ሳምንታዊ ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ) የሚከታተል ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያነባል። አንደኛው ታሪኩ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ታሪክ ስንት ሳምንት ዕድሜ እንደቀረው የሚጠቁሙት ምልክቶች ናቸው። እኔ ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ሳነብ ቆየሁ። ወደ ሁለተኛው የገባሁት የዩኪ ካዋጉቺ «ሬድ ሁድ» በጅምሩ ሲቀጭብኝ ነው። ይህ የሰው ተኩላ አዳኞች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2021 በጃፓኑ «ሳምንታዊ ሾኔን ጃምፕ» መጽሔት ላይ ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮችም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥዕሉ ዓይን የሚይዝ፣ ዓለሙ ሰፊ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይም አዳኝ ለመሆን ገና በፈተና ላይ ያለ ልጅ ነበር። በ18ኛው ምዕራፍ አለቀ። ለምን እንደተቋረጠ፣ ማን እንደወሰነ፣ ምልክቱ የትኛው ሳምንት ላይ እንደታየ ማወቅ ፈለግሁ፤ ከዚያ ወዲህ መጽሔቱን እንደ አንድ ትልቅ ቤት፣ የገባውንም የወጣውንም እየቆጠርኩ እከታተላለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። ሾኔን ጃምፕን የሚያሳትመው ሹኤይሻ ነው። መጽሔቱ በ1968 ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት ሳምንታዊ ሆነ። በአንድ እትም ውስጥ 20 ያህል ተከታታይ ሥራዎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም አብዛኛውን ጊዜ 19 ገጽ ነው። ቦታው የተወሰነ በመሆኑ አዲስ ሥራ እንዲገባ አሮጌው መውጣት አለበት። አዲሶቹ የሚመጡት በተከታታይ ሳምንታት ሁለት ሦስት ሆነው ነው፤ የሚወጡትም በዚያው ልክ ይሆናሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጽሔቱ ስርጭት 6.53 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ በ2017 ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ሽያጩ ሲወርድ ግን ፉክክሩ አልላላም።

ማን ይቆይ፣ ማን ይውጣ በሚለው ውሳኔ ላይ ትልቁን ድርሻ የያዘው የአንባቢዎች መጠይቅ ነው። ከመጽሔቱ ጋር ተያይዞ በሚመጣው ፖስት ካርድ ላይ አንባቢው በዚያ ሳምንት በጣም የወደዳቸውን ሦስት ሥራዎች ይመርጣል። ሦስት ብቻ! ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይወስናል። ሁሉም ሰው በመጠኑ የሚወደው፣ ማንም ግን ከሦስቱ ውስጥ የማያስገባው ሥራ ድምፅ አያገኝም። ጥቂት ሰዎች በጽኑ የሚወዱት ሥራ ግን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው «ጥሩ ነበር እኮ፣ ለምን ተቋረጠ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት። ጥሩ መሆን አይበቃም፤ በዚያች ሳምንት ከ20 ሥራዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ መሆን ያስፈልጋል፤ በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ።

የመጠይቁ ውጤት ለሕዝብ አይገለጽም። እኛ ውጭ ያለን ሰዎች የምናየው የመጽሔቱን ማውጫ፣ ማለትም ሥራዎቹ ከፊት ወደ ኋላ የተደረደሩበትን ቅደም ተከተል ነው። ከፊት የሚቀመጡት ተወዳጆቹ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ አደጋ ላይ ያሉት እንደሆኑ ተከታታዮች ሁሉ ይስማማሉ። በየሳምንቱ ይህን ተራ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ፦ በግራ በኩል የሥራው ስም፣ ቀጥሎ የምዕራፍ ቁጥር፣ ከዚያ የማውጫ ቦታ፣ በስተቀኝ ደግሞ ሰፋ ያለ የማስታወሻ ዓምድ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ያ የማስታወሻ ዓምድ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ብቻውን በጣም ያሳስታል።

ለምሳሌ ባለ ቀለም ገጽ ያገኘ ሥራ በዚያ ሳምንት የሚቀመጥበት ቦታ ከደረጃው ጋር አይያያዝም። የፊት ለፊቱም ሆነ የመሐሉ የቀለም ገጽ አስቀድሞ የተያዘ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሳምንት በቁጥር ፋንታ «ቀለም» ብዬ እጽፈዋለሁ። አዲስ ሥራም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 50 ገጽ ገደማ ሆኖ በቀለም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎችም ውጤታቸው ገና ስላልደረሰ ወደ ፊት ይቀመጣሉ። አንዳንድ የቀልድ ሥራዎች ደግሞ በልማድ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። «ፒዩ ቶ ፉኩ! ጃጓር» ከ2000 እስከ 2010 ድረስ ቦታው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ቦታውን ብቻ አይቶ «ሊወጣ ነው» ያለ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ይጠብቅ ነበር።

ትልቁ ቁም ነገር ግን መዘግየቱ ነው። ዛሬ የምናየው ተራ የሚያንጸባርቀው ከስምንት ሳምንት ገደማ በፊት የወጣውን ምዕራፍ ውጤት እንደሆነ የረጅም ጊዜ ተከታታዮች ያምናሉ፤ የእኔም ደብተር ይህንኑ ይደግፋል። ስለዚህ አንድ ሥራ ዛሬ ወደ ታች ሲወርድ ጥያቄው «በዚህ ሳምንት ምን አጠፋ?» ሳይሆን «ከሁለት ወር በፊት ምን ላይ ነበር?» የሚል ነው። ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረጅም ማብራሪያ፣ ከጦርነት ወደ ጦርነት መሸጋገሪያ የሆነ ዕረፍት፣ ወይም ገጸ ባሕርያቱን በአንዴ ያበዛ ምዕራፍ አገኛለሁ። ይህን መዘግየት ማወቅ ልብ ያሳርፋል። አንድ ደካማ ቁጥር አያስደነግጠኝም፤ የምፈራው አራት አምስት ተከታታይ ሳምንት ታች ላይ የተቀመጠውን፣ በተለይም ከ8ኛው ወይም ከ9ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ወደ ላይ ብቅ ሳይል የቀረውን ነው። ቶሎ የሚቋረጡት ብዙዎቹ 20ኛው ምዕራፍ አካባቢ ያበቃሉ።

ዘዴውን ለመፈተሽ ወደ ኋላ ሄጄ የቀድሞ ማውጫዎችን ሳገላብጥ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ «ሳሙራይ 8» ነው። ታሪኩን የጻፈው ማሳሺ ኪሺሞቶ ነው፤ የ«ናሩቶ» ደራሲ! ሥዕሉን የሠራው ደግሞ ረዳቱ የነበረው አኪራ ኦኩቦ ነው። በግንቦት 2019 ሲጀምር ከሹኤይሻ በኩል የተደረገለት ማስታወቂያ ለጥቂት ሥራ ብቻ የሚደረግ ነበር። በመጋቢት 2020 በ43 ምዕራፍና በ5 ቅጽ (ምዕራፎቹ ተሰብስበው እንደ መጽሐፍ የሚታተሙበት ጥራዝ) ተዘጋ። ምዕራፎቹን ከማውጫው ጎን ለጎን ሳነብ ችግሩ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ይታይ ነበር። ሳሙራይ ምንድን ነው፣ ቁልፍ ምንድን ነው፣ ልዕልት ምንድን ናት የሚሉ ማብራሪያዎች በጥቃቅን መስመር በተሞሉ ፓነሎች (የሥዕል ሣጥኖች) ላይ ይደራረባሉ። አንባቢው ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከመውደዱ በፊት የዓለሙን ሕግ እንዲያጠና ይጠየቃል። ስም ያለው ደራሲ ከሌላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጠውም፣ ፖስት ካርዱ ላይ የቀድሞ ዝና የሚሞላበት ሣጥን የለም። ይህ በእኔ እምነት የመጽሔቱ ከባዱም ፍትሐዊውም ጎን ነው።

ከማውጫው ይልቅ ግን እውነቱን የሚናገሩት ገጾቹ ራሳቸው ናቸው። ደራሲው ማለቁን ካወቀ በኋላ የሚሠራው ምዕራፍ የተለየ ትንፋሽ አለው። እስከ ትናንት ድረስ በጥላ ብቻ ይታዩ የነበሩ ጠላቶች በአንድ ገጽ ላይ ፊታቸውን ያሳያሉ። ሁለት ቅጽ ይፈጃል ተብሎ የሚጠበቅ ውጊያ በሁለት ምዕራፍ ያልቃል። «ከሦስት ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ በጥቁር ገጽ ላይ ብቅ ይላል። ዳራዎቹ ይሳሳሉ፤ ረዳቶች እየተሰናበቱ ይሁን ጊዜ እያጠረ ባይታወቅም እጅ መቸኮሉ ያስታውቃል። አንዳንዴ ግን ተቃራኒው ይሆናል፦ ደራሲው የሚያጣው ነገር ስለሌለ የልቡን ይሥላል። «ሬድ ሁድ» እንዲህ ነበር። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ገጸ ባሕርያቱን በታሪክ ውስጥ እንዳሉ እንዲያውቁ አደረጉ፤ ታሪኩም ስለ ራሱ መዘጋት መናገር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሚቋረጥ ሥራ የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ዝግ ብዬ ነው የማነበው፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተዋቸው እነዚያን ነው።

ደረጃው ብቻውን እንደማይወስን ያሳየኝ ደግሞ የዮሺፉሚ ቶዙካ «አንዴድ አንላክ» ነው። በጥር 2020 ጀምሮ በዚያው ዓመት አንባቢዎች በሚመርጡት የ«ቀጣዩ ማንጋ» ሽልማት በታተሙ ሥራዎች ዘርፍ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በማውጫው የታችኛው አጋማሽ ሲመላለስ ስንቶች «ዘንድሮ አያልፍም» ይሉት ነበር! እርሱ ግን አለፈ፤ በ2023 አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ሆነ፣ በጥር 2025 ደግሞ ታሪኩን በራሱ መንገድ ጨረሰ። መጽሔቱ ውስጥ ያለው ተራ ከአንድ ሚዛን የመጣ ነው፤ የቅጾች ሽያጭ ሌላ ሚዛን ነው፣ የአኒሜ ዕቅድም ሌላ። ደብተሬ ላይ ለቅጽ ሽያጭ አንድ ዓምድ የጨመርኩት በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። የጃፓኑ ኦሪኮን የሚያወጣው ሳምንታዊ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ስሙ የገባ ሥራ ማውጫው ላይ ታች ቢወርድ እንኳ ቶሎ አልሰጋለትም።

የእኛ የውጭ አንባቢዎች ነገርም አለ። ሹኤይሻ «ማንጋ ፕላስ» የተባለውን አገልግሎት በጥር 2019 ከከፈተ ወዲህ አዲሱ ምዕራፍ በጃፓን በሚወጣበት ቅጽበት በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይወጣል። በጃፓን ሰኞ እኩለ ሌሊት ሲሆን በእኛ አገር እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹና የቅርብ ጊዜዎቹ ምዕራፎች በነጻ ይነበባሉ። ከአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረን አንባቢዎች ይህ ትልቅ በር ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ላይ ሾልከው የሚወጡትን የተሰረቁ ገጾች የምናነብበት ምክንያት አይታየኝም። ሦስት ቀን መታገሥ ነው። ፖስት ካርዱን የሚሞላው ጃፓን ያለው አንባቢ ቢሆንም፣ በሕጋዊው መንገድ የሚመጣ ንባብ በአሳታሚው ዘንድ ይቆጠራል፤ በሌላ መንገድ የመጣው ግን ለደራሲው እንደሌለ ነው።

የውጭ አንባቢ ጩኸት ትንቢት አለመሆኑንም ሁለት ሥራዎች አስተምረውኛል። «ሬድ ሁድ» በውጭ አንባቢዎች ዘንድ በጣም ተወዶ ነበር፤ አላዳነውም። በመስከረም 2023 የታኬሩ ሆካዞኖ «ካጉራባቺ» ሲጀምር ደግሞ የውጭ አንባቢዎች ገና አንድ ምዕራፍ ሳይነበብ በቀልድ ምስል ዓለምን አጥለቀለቁት፤ ብዙ ሰው ለሳቅ ብቻ የተነሣ ወሬ አድርጎ ቆጠረው። እኔ ወሬውን ትቼ ከ9ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ማውጫውን ጠበቅሁ። ሥራው በራሱ እግር ቆመ፤ በ2024 የ«ቀጣዩ ማንጋ» ሽልማት የታተሙ ሥራዎችን ዘርፍ አሸነፈ።

ከማውጫ የጠፋ ሁሉ ተቋረጠ ማለትም አይደለም። የማሳኦኪ ሺንዶ «ሩሪ ድራጎን» በ2022 ከስድስት ምዕራፍ በኋላ በደራሲው ጤና ምክንያት ቆመ፤ በ2024 ተመልሶ ከሳምንታዊው መጽሔት ወደ ዲጂታሉ «ሾኔን ጃምፕ ፕላስ» ተዛወረ። በየሳምንቱ 19 ገጽ መሣል ሰውነት የሚበላ ሥራ ነው። ዕረፍት የወሰደን ደራሲ «ሰነፈ» ብሎ የሚናገር ሰው ስሰማ ያመኛል። በአውሮፓውያን ዘመን መለወጫና በነሐሴ አካባቢ ሁለት እትሞች ተጣምረው ስለሚወጡ ባዶ ሳምንት መኖሩንም በማስታወሻው ዓምድ ላይ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ያለዚያ የስምንት ሳምንቱ ሂሳብ ይዛባል።

አሁን በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ ሌላ ዝርዝር አለ፤ ሥራቸው የተቋረጠባቸው ደራሲያን ስም ነው። ይህን የጀመርኩት የኮሄይ ሆሪኮሺን መንገድ ካወቅሁ በኋላ ነው። በ2010 ስለ አንድ የአራዊት ማቆያ የሚተርክ ሥራ ጀምሮ በ5 ቅጽ ተቋረጠበት። በ2012 «ባሬጅ»ን ጀመረ፤ በ16 ምዕራፍ ተዘጋ። ከዚያም በ2008 በአጭሩ ሠርቶት ወደነበረው የጀግኖች ታሪክ ተመልሶ በ2014 «ማይ ሂሮ አካዴሚያ»ን ጀመረ፤ በነሐሴ 2024 በ430ኛው ምዕራፍ አበቃ፤ በጠቅላላው 42 ቅጽ ሆነ። «ባሬጅ»ን ያነበብኩት ይህንን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ያ ወደ አንባቢው የሚወነጨፍ ግዙፍ ጡጫ፣ ጥርሱን ገጥሞ የሚያለቅስ ጀግና፣ በገጹ ጠርዝ ያሉ ለአፍታ የሚታዩ ሰዎች እንኳ የየራሳቸው ፊት ያላቸው መሆኑ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ስለዚህ አንድ ሥራ ሲቋረጥ የደራሲውን ስም ወደ ኋላው ገጽ አሻግረዋለሁ፤ አዲስ ሥራዎች በተገለጡ ቁጥርም መጀመሪያ የማየው ያንን ዝርዝር ነው።