በወፍ ዋሻ ደን «ራታን» ያልኩት ሐረግ

ሰሜን ሸዋ ባለው ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ላይ የተንጠለጠለ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል ሐረግ አየሁ። ሳጎብጠው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። የራታን ወንበር የሚሠራበት ተክል ይህ ነው ብዬ ግንዱን ብቻ ፎቶ አነሳሁ፤ ደብተሬም ላይ «ራታን» ብዬ ጻፍኩ። ደብረ ብርሃን ስመለስ ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ። ያ ችኮላዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ራታን የዘንባባ ወገን ነው። አብዛኛው ዝርያው የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ደኖች ሲሆን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካም ይበቅላል። ወፍ ዋሻ ግን የጥድ፣ የዝግባና የኮሶ ደጋ ነው። ቦታውን ብቻ ባስተውል ኖሮ እጠራጠር ነበር።

በታኅሣሥ ተመልሼ ሄድኩ። ቅጠሉን ሳገላብጥ ያዩኝ አንድ የአካባቢው አዛውንት «ልጄ፣ መጀመሪያ በምን ይዞ እንደወጣ ተመልከት» አሉኝ። ራታን ወደ ኋላ በተቆለመሙ መንጠቆዎች ዛፍ ይወጣል፤ ግንዱንም እሾሃማ የቅጠል ሰገባ፣ ማለትም ግንዱን የሚያቅፈው የቅጠሉ ግርጌ፣ ይሸፍነዋል። የእኔው ሐረግ እሾህም መንጠቆም የለውም። የቅጠሉ እግር ራሱ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ተጠምዝዞ እንደ ሽቦ ጠንክሯል። ቅጠሎቹ በየአንጓው ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ በራታን ግን በየአንጓው አንድ ብቻ ነው። ግንዱን አግድም ቆርጬ በማጉያ መነጽር ሳየው ከመሀል ወደ ዳር የተዘረጉ ጨረሮች እንደ ጋሪ ጎማ ታዩኝ። ራታን ቢሆን የተበተኑ ነጠብጣቦች ነበር የማየው። ቀና ስል ፍሬው ነጭ የሽማግሌ ጢም መስሎ ከዝግባው ላይ ተንዠርግጓል።

«እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» አልኳቸው።

«የአዞ ሐረግ ነዋ!»

ቅጠሉን በጣቴ ጨፍልቄ ሳሸትተው አፍንጫዬን ለበለበኝ። ጭማቂው ቆዳም ስለሚያቃጥል ይህን ማንም እንዲሞክር አልመክርም።

የአዞ ሐረግ በሚለው ስም ክሌማቲስ ከተባለው የዕፅዋት ወገን ከአንድ በላይ ዝርያ ይጠራበታል። ስለዚህ ቅጠልና ፍሬ ያለው ቁራጭ ጋዜጣ መሀል አድርቄ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ካሉት ናሙናዎች ጋር አስተያየሁት። ስሙን ከሰሜን ተራሮች ካገኘው ክሌማቲስ ሲመንሲስ ጋር ገጠመ። ፎቶውን ላሳየኋቸው ሰዎች አንድ በአንድ ደውዬ ስሕተቴን ነገርኳቸው። አበባውን ገና አላየሁም፤ ከክረምት በኋላ ሲያብብ እዚያው ዝግባ ሥር እገኛለሁ።