«ከአሁን ጀምሮ ታካሚው የኔ ነው»

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰሜን ተራሮች ላይ የወደቀ የውጭ ዜጋ ነበር፤ ጭኑ ተሰብሯል፣ ደረቱም ተጎድቷል። ከደባርቅ እኔ ነርስ ሆኜ ወደምሠራበት ጎንደር ያለ ሆስፒታል ሪፈር ተባለ፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ አውሮፕላን ላከለት። አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ መጡ፤ ከአዘዞ ኤርፖርት ያመጣናቸው በእኛ አምቡላንስ ነው።

ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ እጁን ሳይ ገብቶኛል። ግን ቻርቱን ሳያይ ቦርሳውን ከፍቶ ፈንታኒል መቅዳት ጀመረ። ትንሽ ቀደም ብለን ሞርፊን ሰጥተነዋል። ሁለቱም ከባድ የሕመም ማስታገሻ ናቸው፤ ሲደራረቡ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

«ትዕዛዙን የእኛ ዶክተር ይጻፈው» አልኩት።

«ከአሁን ጀምሮ ታካሚው የኔ ነው።»

«አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገባ ያንተ ነው። እዚህ አልጋ ላይ እያለ የእኛ ነው።»

መድኃኒቱን የያዝኩት በዓለም አቀፍ ሕግ ነው አለኝ። እውነት ነው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የናርኮቲክ (አደንዛዥ መድኃኒቶች) ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 32 አለ፤ በመርከብና በአውሮፕላን ለድንገተኛ ሕክምና የሚያዝ ጥቂት መድኃኒት እንደ ማስገባት አይቆጠርም ይላል። ይሄ ግን ለጉዞው ነው። ጎንደር ዋርድ ውስጥ ገብተህ ውጋ አይልም። እዚህ አገር ለማከም የእዚህ አገር የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሐኪሙ ዜግነት ይህን አይቀይረውም።

ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ከአስተዳደር አንድ ሰው መጥቶ በሰው ፊት «ሲስተር፣ ተይ እንጂ፣ እንግዶች ናቸው፤ እነሱ ከኛ የተሻለ ያውቃሉ» አለኝ። ዕውቀታቸውን ማን ካደ? ሰውየው አዘዞ መንገድ ላይ ትንፋሹ ቢቆም ሐኪሙ በማግስቱ አገሩ ነው፤ ፖሊስ ቻርቱን ይዞ ተረኛ ማን ነበር ብሎ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። እኛም መተማ ድረስ ታካሚ ስናደርስ ድንበሩ ላይ አስረክበን እንመለሳለን፤ ሱዳን፣ ጋላባት ተሻግሬ መርፌ ልውጋ ብል ማን ይፈቅድልኛል?

ተረኛው ዶክተራችን ደረሰ። ገና ልጅ ነው ግን አልተንቀጠቀጠም። ሞርፊኑ የተሰጠበትን ሰዓት በጣቱ አሳየው። ሐኪሙ አነበበ፣ የቀዳውን ሲሪንጅ አስቀመጠ፣ ከዚያ ሁለቱ ተመካከሩና የእኛው ጽፎ ፈረመ። እስከ አዘዞ ድረስ ዶክተራችን አምቡላንሱ ውስጥ ነበር፤ ርክክቡ የተፈረመው አውሮፕላኑ በር ላይ፣ ሰዓቱ ተጽፎበት ነው።

በማግስቱ አንድ ቅጽ በእጄ ጽፌ ለአስተዳደር አስገባሁ። ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ርክክቡ የት ነው፣ በስንት ሰዓት፣ እስከዚያ ድረስ ትዕዛዝ የሚጽፈው ማን ነው። «እናየዋለን» ተብያለሁ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ።