ስድስት ቁጥር ብቻ ተረፈች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች ትንሽ ቢሮ ሆነን ለአንድ የጀልባ ማኅበር የትኬትና የሒሳብ ፕሮግራም በጃቫ እንሠራ ነበር። ኮሜንቶቹን (በኮዱ መሃል ለሰው የሚጻፉትን ማስታወሻዎች) በአማርኛ የጻፍነው ለኩራት አይደለም፤ ስለ ጳጉሜንና ስለ ዘመነ ሉቃስ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ለራሳችንም ይጠፋብናል።

ከኮሜንቶቹ የሰነድ ገጽ የሚያወጣልን ጃቫዶክ የሚባል መሣሪያ ነው። ቤቴ በሊኑክስ ስሠራ ሰነዱ አምሮ ይወጣል። በርክክቡ ዋዜማ በቢሮው ዊንዶውስ ላይ ጃቫዶክን ሳስነሳ ግን «ጣና» ስድስት ባዕድ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ሁለቱም ፊደል የሚጀምረው አናቷ ላይ ጭረት ባለባት የላቲን ኤ ነው፤ «ጣ» መጨረሻዋ ላይ የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት ሁሉ ለጥፋለች!

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ ፋይሎቻችን በተጻፉበት አሠራር፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የቢሮው ጃቫ 8 ደግሞ ካልነገሩት የዊንዶውሱን አሠራር ይከተላል፤ ለእሱ እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ ፊደል ነው። 2 ፊደል 6 የሆነው ለዚህ ነው። (ከ2022ቱ ጃቫ 18 ወዲህ ሳይነገረውም በዩቲኤፍ-8 ያነባል።) ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የተበላሸው ንባቡ ብቻ ነበር።

ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው። ያን ቀን «በራሱ ቋንቋ እንጻፍለት» ብዬ ፋይሎቹን በኖትፓድ ከፍቼ «አንሲ» በሚለው፣ በዊንዶውሱ የራሱ አሠራር፣ ሴቭ አደረግኳቸው። ኖትፓድ ፊደሎች ይጠፋሉ ብሎ አስጠነቀቀኝ። በርክክብ ዋዜማ ማን ያነባል? ኦኬ አልኩት። «ጣና» ሁለት የጥያቄ ምልክት ሆነ።

«ቢያንስ አጥሯል» አለች አጠገቤ ያለችው ልጅ።

ስድስቱ ምልክት ግን ወደ «ጣና» ይመለስ ነበር። የጥያቄ ምልክቱ ግን ከ«ጣ» ይምጣ ከ«ና» የሚለይበት ምንም የለውም።

የቀደሙትን ፋይሎች የኮዱን የቆዩ ቅጂዎች ከሚያስቀምጥልን ከጊት መለስኩ። ለጃቫዶክም ሦስቱም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆኑ ለየብቻ ነገርኩት፦ ኮዱን የሚያነብበትን፣ ገጹን የሚጽፍበትንና ለብራውዘሩ የሚያሳውቀውን። የሚጽፍበትን ነግረው የሚያነብበትን ቢተዉ አጉል ቦታ ላይ ያጋልጣል።

ያን ዕለት ጠዋት የጻፍኩት አንድ ኮሜንት ግን ገና ጊት አልገባም ነበር። የማኅበሩ ሒሳብ ሹም የጳጉሜን ገቢ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ ነግረውኝ የጻፍኩት ነው። ከጥያቄ ምልክቱ መንጋ መሃል 6 ቁጥር ብቻዋን ቆማለች። ምን ላድርግ፣ በማግስቱ ወደቡ ድረስ ወርጄ እንደገና ጠየቅኳቸው።

«ጻፍኩት አላልከኝም ነበር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ጽፌው ነበር፣ ጋሼ።»