አሮጌ የክላውድ አካውንት ልትዘጉ ነው? ቆይ!

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ። ሁሉንም ያኖርኩበት የክላውድ አካውንት በየወሩ ዶላር ሲቆርጥ ኖረና በቃኝ አልኩ። ዶላር መቼም እንደ ልብ አይገኝም። አካውንቱ ይዘጋ፣ ዶሜይኖቹ (የድረ ገጾቹ አድራሻ ስሞች) ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጡ። ሐሳቤ ይህ ነበር።

የተለመደውን ባጭሩ ልለፈው። ፋይሉንና ዳታቤዙን አውርጄ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩ። የዲኤንኤስ መዝገቡን፣ ማለትም ስሙ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚመራ የሚናገረውን፣ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤ ኢሜይሉ የት እንደሚደርስ የሚናገረውን ኤምኤክስ ጭምር። እሱን የሚረሳ ብዙ ነው። እስከዚህ ድረስ ሻይ እየጠጡ የሚሠራ ነው።

ከዚያ ኔምሰርቨሩን፣ ያንን መዝገብ ይዞ ለጠያቂ የሚመልሰውን፣ ቀየርኩ። ጉድ ፈላ።

የመንዝ ባናና በርኖስ የሚሸጡ ደንበኛዬ ጋሼ ደወሉ። «እኔ ስልክ ላይ ይከፍታል፣ ልጄ ጋ እምቢ ይላል። ምን አድርገኸው ነው?» የልጁን ስልክ ሳየው አድራሻ የሚጠይቅበት ዲኤንኤስ የጉግሉ 8.8.8.8 ነው። የእሳቸው አይደለም።

ለክላውድ ድርጅቱ ሰፖርት ጻፍኩ። «ለውጡ እስኪዳረስ እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ» አሉኝ። ጠበቅኩ። አልተከፈተም። እንደገና ጻፍኩ። ሌላ ስም፣ ያው ኮፒ ፔስት። ጋሼ እየደወሉ፣ ገዢ እየጠፋ፣ እኔ ጠብቁ እየተባልኩ!

ችግሩ ዲኤንኤስሴክ ነበር፤ የዲኤንኤስ መልስ እውነተኛ መሆኑን በሚስጥር ቁልፍ ፊርማ የሚያረጋግጥ ዘዴ። ድርጅቱ ራሱ ያበራው ነው። ሲበራ የቁልፉ አሻራ ዲኤስ ተብሎ በዶት ኮም ዋና መዝገብ ላይ ይመዘገባል። አዲሱ ኔምሰርቨር በዚያ ቁልፍ አይፈርምም። ማኅተሙ የተሻረው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ የቀረ የቀበሌ ደብዳቤ በሉት። ፊርማ የሚያጣሩት፣ እነ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1፣ መልሱን አይቀበሉም። የማያጣራው ዝም ብሎ ይከፍታል። 48 ሰዓት ቀርቶ 48 ወር ቢጠበቅ አይድንም።

የሚያናድደው ደግሞ ዲኤሱን የማጥፊያው አማራጭ ኔምሰርቨሩ ሲቀየር ከገጹ ላይ መጥፋቱ። ዶሜይኑ እነሱ ዘንድ የተመዘገበ ስለሆነ ማጥፋት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጠብቅ ይላሉ። በመጨረሻ ደብዳቤዬን በእርግጥ ያነበበ አንድ ሰው ተገኘና አጠፋው። ይቅርታ እንኳ የለም። «ጉዳዩ ተፈትቷል» ብሎ ዘጋው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ዲኤሱን አጥፉ። ከዚያ ከአንድ ቀን በላይ ታገሡ፤ ዶሜይኑ ዶት ኮም ከሆነ አሮጌው ዲኤስ እነ 8.8.8.8 ዘንድ እስከ 24 ሰዓት ተይዞ ይቆያል። ኔምሰርቨሩን የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የድርጅቱ መመሪያ «እንደጨረሱ ወዲያው ይዝጉ» ይላል። አትስሙት። የወር ሂሳብ ብትከፍሉ ይሻላል። ዶሜይኑ የተመዘገበው እዚያው አካውንት ውስጥ ከሆነማ ዶሜይኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ ሳታዛውሩ አካውንቱን ንክች እንዳታደርጉት። ስታዛውሩትም የባለቤቱን ስምና ኢሜይል አስቀድማችሁ አትቀይሩ፤ 60 ቀን ሊቆለፍባችሁ ይችላል። የመገናኛ ኢሜይሉ ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜይኑ ሲወድቅ ማረጋገጫው የሚላከው ወደ ወደቀው ኢሜይል ነው።

ከዘጋችሁ በኋላም ካርዱ ላይ ጥቂት ዶላር ተዉ። የመጨረሻው ወር ሂሳብ ተከትሎ ይመጣል።