መንገዱ ከበረዶው ሥር ነበረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ያደረገልኝን በጉባኤ ፊት ተናግሬአለሁ። ለሌሎችም እንዲደርስ ጻፈው ያሉኝ ወንድሞችና እኅቶች ስላሉ ይኸው ጻፍኩት። ነገሩ የሆነው በኮሎራዶ ምዕራብ፣ ኡንኮምፓግሬ በሚባለው ሰፊ አምባ ላይ ነው። የተራራ አንበሳ ዳና ተከትለን የወጣን ቀን።

«አንተን ከአንበሳ አደን ጋር ምን አገናኘህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ከእኔ ጋር ለዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት የሠሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። እዚህ አገር ስመጣ ሰው አልነበረኝም። በበረዶ ጎማ ላይ ሰንሰለት ማሰር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በበዓል ቀን ብቻዬን እንዳልውል ቤታቸው የጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቦታቸው፣ ወደ ሞንትሮዝ አካባቢ ተመለሱ። እኔም ሥራ ሲቀልልኝ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ።

ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ አዳኝ ናቸው። አነፍናፊ ውሾች አሏቸው። ውሾቹ ዳናውን እያሸተቱ ይከተላሉ፤ አንበሳው ሲደክመው ዛፍ ላይ ይወጣል፤ አዳኙ እዚያ ይደርሳል። የተራራ አንበሳ እንደ አፍሪካው አንበሳ ጎፈር የለውም። አያገሳም። ወጥ ቡናማ ነው፣ ጅራቱ ረጅም ነው። ወንዱ 60 እና 70 ኪሎ ይደርሳል። ዋና ምግቡ አጋዘን ነው።

በኮሎራዶ ይህን አውሬ ለማደን ዝም ብሎ ፈቃድ አይገዛም። ትምህርቱን ወስዶ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። አንዱ ትልቅ ትምህርት ሴቷን ከወንዱ መለየት ነው። ደቦሎች ያስከተለች እናት መግደል ክልክል ነው። በአንድ አደን ከ8 ውሻ በላይ አይፈቀድም። በየአካባቢው የሚገደለው ቁጥር ገደብ አለው፤ ገደቡ ከሞላ አካባቢው ይዘጋል። የገደለ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፤ ሥጋውንም መጣል አይችልም። በኖቬምበር 2024 የተራራ አንበሳና ቦብካት (አነስ ያለ የዱር ድመት) አደን ጭራሽ ይከልከል የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። አብዛኛው መራጭ አልተቀበለውም።

እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ሥጋውም በእኛ ሥርዓት አይበላም። ጋሼም ቢሆኑ ዛፍ ላይ ካወጧቸው አንበሶች ብዙዎቹን ፎቶ አንስተው ነው የሚተዉአቸው። እኔን የሳበኝ ዳናው ነው። አንድ አውሬ ሌሊቱን ሲያደርግ ያደረውን ጠዋት በረዶ ላይ ማንበብ እንዴት ደስ እንደሚል ያላየ ሰው አይገባውም።

የድመት ዘር ዳና ክብ ነው። ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ጥፍር አይታይበትም። በውሻና በኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ) ዳና ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ይታያል። የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት ቦታ ጎላ ጎላ ያለ ነው። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ቦብካት ነው። 8 ወይም 9 ከሆነ የተራራ አንበሳ ነው። የኋላ እግሩን የፊተኛው በረገጠበት ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ባለ አራት እግሩ አውሬ በሁለት እግሩ የሄደ ይመስላል።

ጋሼ ዳና ሲያገኙ ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ይነኩታል። አዲስ ከሆነ ጠርዙ ለስላሳ ነው። ካደረ ይደነድናል። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «የተረገጠ በረዶ ይጠነክራል። ሌላ በረዶ ቢወድቅበትም ከሥር አለ። ዓይንህ ባያየው ጣትህ ያገኘዋል።» ያኔ ለአንበሳ ዳና ነው የነገሩኝ።

ቀኑ የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነበር። እንደ ዕቅዴ ማታ ተነሥቼ ሌሊቱን ነድቼ ለቅዳሴ ኦሮራ መድረስ ነበረብኝ። ሳይነጋ ወጣን። መኪናውን በዝግታ እየነዳን ከመንገዱ ዳር ዳና ፈለግን። ጎሕ ሲቀድ አገኘን። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጥዱ ገብቷል። ጋሼ ወርደው ነኩት፤ የዛሬ ሌሊት ነው አሉ። አራቱን ውሾች ለቀቁ። መሪዋ ሮዚ የምትባል አሮጊት ውሻ ናት።

ያ አምባ ላይ ብዙ ጥድ ይበቅላል። ሽታው አገር ቤት የደብራችን ቅጥር ግቢ ውስጥ የቆምኩ ያስመስለኛል። እኛ በረዶ ውስጥ እንዳንሰምጥ ሰፊውን የበረዶ ጫማ ከቦታችን ሥር አስረን በሮዚ ድምፅ ተከተልናቸው። ውሾቹ እየተከተሉ ሳሉ ጩኸታቸው ረጅምና የሚጎተት ነው። ዛፍ ሥር ሲቆሙ ይቀየራል፤ አጭርና የማያቋርጥ ይሆናል። ረፋድ ላይ ከሸለቆው ውስጥ ያን አጭር ጩኸት ሰማን። ደረስን። አንበሳዋ ቅርንጫፍ ላይ ተኝታ ቁልቁል ታየናለች። ጋሼ በመነጽር አይተው ሴት ናት አሉ። እኔ ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ትንንሽ ዳናዎች አየሁ። ደቦሎች አሏት። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ ውሾቹን በገመድ አሰሩ፤ ተመለስን።

በረዶ መጣል የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከሸለቆው ስንወጣ ጋሼ በበረዶ የተሸፈነ ድንጋይ ላይ ተንሸራትተው ወደ ታች ወደቁ። ከጉልበታቸው በታች እግራቸው ተሰበረ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት የውሾቹ ጂፒኤስ ድንጋይ ላይ ተሰባበረ። መኪናው የቆመበት ቦታ የተመዘገበው እዚያ ላይ ነበር። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። ልሸከማቸው ሞከርኩ፤ ዳገቱን በዚያ በረዶ ውስጥ ሁለት እርምጃ አላስኬደኝም።

ከአንድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ሥር አስጠጋኋቸው። እግራቸውን በእንጨትና በገመድ አሰርኩ። በጥድ ልጣጭ እሳት አነደድኩ፤ በቅርባቸው ብዙ እንጨት ከመርኩ። ውሾቹ ዙሪያቸውን ተኙ። ጾም ስለነበር ኪሴ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፤ ሰጠኋቸው። መሄድ እንዳለብኝ ሁለታችንም አውቀናል።

ጋሼ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። ያን ዕለት ግን እጄን ያዙኝና «እንደምትጸልይ አውቃለሁ፤ አሁን ጸልይ» አሉኝ። እጄን ግንባራቸው ላይ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ቀጥዬ በአማርኛ ተሳልኩ። «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እንዳወጣህ እኚህን አባት ከብርድ አውጣልኝ። ጥላ አስገባለሁ። በጉባኤ እመሰክራለሁ» አልኩ። ጋሼ አንድም ቃል ሳይገባቸው «አሜን» አሉ።

አፋፉ ላይ ስወጣ ሊመሽ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት የመጣንበት ዱካ ስልል ብሎ ይታይ ነበር። ቆይቶ በረዶው ሸፈነው። ሜዳው ላይ ስደርስ ጨለመ። ጥዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የራስ መብራቴ የሚያሳየኝ የሚወርደውን በረዶ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ባይ የራሴ ኮቴ እንኳ እየጠፋ ነው።

እዚያ ቦታ አዲስ ዳና አየሁ። ክብ፣ ጥፍር የሌለው፣ በረዶ ገና ያልሞላው። በፊቴ አቋርጦ አልፏል። እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም። የተራራ አንበሳ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጥቃት እጅግ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ብቻህን በጨለማ ስትቆም ያ እውቀት ከልብህ አይደርስም። ጋሼ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፦ አትሩጥ፤ ጀርባህን አትስጥ፤ ቁመትህን አሳይ፤ ጮክ ብለህ ተናገር። ምን ልናገር? መዝሙረ ዳዊት መጣልኝ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» እያልኩ ጮህኩ። እስከ መጨረሻው ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት። ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

መንገዱ ግን የለም። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በተሳሳተ አቅጣጫ ከሄድኩ እኔም ጋሼም አናድርም። ያኔ የበረዶ ጫማውን አወለቅኩ። ሰግጄ ልለምን ነው። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ማየት አልቻልኩም፤ አንተ አሳየኝ» ብዬ ተንበረከክሁ።

ጉልበቴ አልሰመጠም።

በዚያ ሜዳ ያለ በረዶ ጫማ የቆመ ሰው እስከ ጭኑ ይሰምጣል። እኔ ግን ተንበርክኬ ጠንካራ ነገር ላይ ነኝ። ጓንቴን አውልቄ አዲሱን በረዶ በእጄ ገፋሁ። ከሥሩ ደንድኖ የተጋገረ በረዶ አለ። ጠዋት እኔና ጋሼ የረገጥነው ዱካ ነው! የተንበረከክሁት መንገዱ ላይ ነበር።

እንባዬ መጣ። እዚያው ሰገድኩ። የበረዶ ጫማዬን መልሼ አላደረግኩም፤ በእጄ ይዤ በቦት ጫማዬ ሄድኩ። እግሬ ከጸና መንገዱ አለ። ከሰመጠ ወጥቼአለሁ ማለት ነው፤ እመለሳለሁ፣ በእጄ እዳስሳለሁ፣ እቀጥላለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በዓይኔ ሳይሆን በእግሬ አገኘሁት። መኪናው ፊቴ ድቅን ሲል በሩን ነክቼ ነው ያመንኩት።

ኔትወርክ እስካገኝ ነድቼ 911 ደወልኩ። በኮሎራዶ በተራራ የጠፋ ሰው ፍለጋ የሚመራው በካውንቲው ሸሪፍ ነው። የሚወጡት ግን አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከሞቀ አልጋቸው ተነሥተው ነው የመጡት። ምንም አያስከፍሉም። ጋሼ የአደን ፈቃድ ሲገዙ ለነሱ የምትሄድ ጥቂት ሳንቲም አለች፤ ከዚያ ውጭ አንድ ዶላር አልተጠየቅንም። እግዚአብሔር ይባርካቸው።

በስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር) እስከ አፋፉ ይዣቸው ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ ግን ገደሉ ሁሉ ተመሳሰለብኝ። ሸለቆው ወደ ብዙ ቅርንጫፍ ይከፈላል። እሳቱ ከድንጋዩ ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። ሞተሩን አጥፍተን አዳመጥን። ሮዚ ጮኸች። ያ አጭሩ፣ የማያቋርጠው፣ ዛፍ ሥር የምትጮኸው ጩኸት። ጋሼ በኋላ እንደነገሩን የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ የሰማችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ተነሥታ መጮኽ ጀመረች። አቅጣጫውን ይዘን ወረድን።

ጋሼ ነቅተው ጠበቁን። እሳቱ አልጠፋም። በቃሬዛ አወጧቸው፤ አምቡላንስ መንገዱ ላይ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ ከአጥንቱ ስብራት ሌላ ጣታቸው እንኳ በብርድ እንዳልተጎዳ ነገረን። ሲነጋ የገብርኤል ዕለት ነበር። እኔ ቅዳሴው ላይ አልነበርኩም፤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ አመሰገንኩ።

አንዳንድ ሰው «የተረገጠ በረዶ ይጠነክራል፤ የተፈጥሮ ነገር ነው» ይለኛል። አዎ፣ ነው። በረዶን እንዲጠነክር ያደረገው ማን ነው? ዓመታት ቀድሞ ያን ትምህርት በጋሼ አፍ ያስነገረኝስ? በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ጉልበቴን ያሳረፍኩት በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ነው። ግራ ብዬ ብንበረከክ ኖሮ አላገኛትም። እኔ የሆነብኝን አውቃለሁ። ጸለይኩ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ መልሱ ከጉልበቴ ሥር ነበር።

በሐምሌ ገብርኤል ጥላውን አስገባሁ። ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሞንትሮዝ ድረስ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ቆሙ። ስመሰክር አንድ ወንድም በጆሯቸው ይተረጉምላቸው ነበር። ከጸሎቱ በኋላ እናቶች ጠበል ጸዲቅ አቀረቡላቸው፤ እንጀራውን በእጃቸው በሉ። የብዙዎቹ እናቶች የአሁን ጥያቄ የጋሼ እግር እንዴት ነው የሚል ነው። ድኗል። በዚህ ዓመትም ወጥተናል። ውሾቹን ከመልቀቃቸው በፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔም አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ።

የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። አሜን።